ድመቷስ? ቤት ሲለቀቅ የምትረሳው አደራ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መንገዶች ላይ የቤት ዕቃ የጫነ መኪና ማየት የተለመደ ነው። መምህሩ ዝውውር ያገኛል፤ ነርሷ ወደ ሌላ ወረዳ ትመደባለች፤ ነጋዴው ሱቁን ወደ አዲስ አበባ ያዛውራል። አልጋው ይፈታል፣ ፍራሹ ይጠቀለላል፣ ስኒው በጋዜጣ ይታሸጋል፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ እግራቸው ታስሮ ይጫናሉ። የሞተሩ ድምፅ ሲርቅ ግን በተዘጋው በር ደጃፍ ላይ አንዲት ድመት ቁጭ ብላ ትታያለች። ማንም አልመታትም፣ ማንም አላባረራትም። ያሰባት ብቻ አልነበረም።

የዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚህች ድመት ነው። «የሰው ልጅ በስንት ችግር ላይ እያለ ስለ ድመት ይጻፋል ወይ?» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ልጆቻችን ርኅራኄን የሚማሩት እኛ በምንነግራቸው ብቻ አይደለም። ቤት በምንለቅበት ቀን፣ በጥድፊያው መካከል፣ ደካማውን ምን እንደምናደርገው እያዩ ነው የሚማሩት።

የጎተራው ዘብ

ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በወንበርማና በደምበጫ ገበሬው በቆሎውን ሸልቅቆ ጎተራ ሲሞላ አይጥም አብሮ ይገባል። አይጥ ከሚበላው እህል ይልቅ በሽንቱና በፋንድያው የሚያበላሸው ይብሳል። ልጆች በሚድሁበት ቤት የአይጥ መርዝ መበተን ደግሞ የሚያስከትለው አደጋ ግልጽ ነው፤ የተመረዘውን አይጥ የበላች ድመትም አብራ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ አያቶቻችን ድመት ያኖሩ የነበረው ለጨዋታ አልነበረም። አንድ ቤት አዲስ ጎጆ ሲወጣ ከጎረቤት ግልገል ድመት ለምኖ ማምጣት እንደ ወንፊትና እንደ ሙቀጫ የቤት ማሟያ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እህላችንን የጠበቀችን እንስሳ በመሄጃችን ቀን «እሷ ራሷን ታውቃለች» ብሎ መተው የውለታ ቢስነት ሥራ ነው።

የታሰረው ማዳበሪያ

ስለ ሌላው ከመናገራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ጊዜው የ1993 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዕድሜያችን አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ከቡሬ ገጠር፣ ከአያታችን ቤት ተነስተን አዲስ አበባ ወደሚኖሩት አጎታችን ልንሄድ ነበር። አያታችን «አጎትህ ቤት አይጥ ፈላ አሉ፤ ውሮን ውሰድለት» አሉን። ዥጉርጉሯን ውሮን በማዳበሪያ ከተትናት፤ አፉን በሲባጎ አሰርን፤ ትንፋሽ ታግኝ ብለንም በቢላ ሁለት ቀዳዳ አበጀን።

መናኸሪያ ስንደርስ የአውቶቡሱ ረዳት ማዳበሪያው ሲንቀሳቀስ አየና «ይህ ውስጥ አይገባም፤ ላይ ይጫን» አለ። ልጅ ነበርንና አልተከራከርንም። ማዳበሪያው ፖርቶመጋላው ላይ ከሽንኩርት ከረጢትና ከፍራሽ መካከል ታሰረ፤ ሸራም ተደረበበት። እስከ ደጀን ድረስ መኪናው በቆመ ቁጥር ጩኸቷን እንሰማ ነበር። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ድምፁ ጠፋ። «ተኝታ ይሆናል» ብለን ራሳችንን አጽናናን። ጎሐ ጽዮን ላይ ለምሳ ሲቆም ረዳቱን ለምነን ማዳበሪያውን አስወረድን። ውሮ አልተኛችም ነበር።

ለብዙ ዓመታት ረዳቱን ስንወቅስ ኖርን። ከፍ ስንል ግን ሲባጎውን ያሰረው እጅ የእኛ መሆኑን አመንን። ባናውቅም መጠየቅ እንችል ነበር። ዛሬ ይህን የምንጽፈው ሌላ ልጅ ያንን ማዳበሪያ እንዳይፈታ ነው።

ያን ጊዜ ያላወቅነው ነገር ይህ ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ወንዝ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሰው ከደጋ ወደ ቆላ ወርዶ ተመልሶ ደጋ ይወጣል። ድመት ደግሞ እንደ ሰው በመላ ሰውነቷ አታልብም፤ ላብ የሚወጣት ከመዳፏ ሥር ጥቂት ብቻ ነው። ሙቀቷን የምታበርደው ፀጉሯን በመላስ፣ ሲብስባትም አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። በታሸገ ማዳበሪያ፣ በሸራ ሥር፣ በፀሐይ በጋለ ብረት ላይ ያለች ድመት ይህ ሁሉ አይጠቅማትም።

ዲናችን ያስተማረን

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ቆልፋባት፣ ሳታበላት፣ ከምድር ነፍሳትም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት በረሃብ ስለገደለቻትና በዚያ ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ልብ እንበል፤ ሴትየዋ በዱላ አልገደለቻትም። ጥፋቷ መዝጋትና መርሳት ነበር። ቁልፉን በኪሱ ይዞ አገር የለወጠ ሰው ይህን ሐዲስ ቆም ብሎ ሊያስበው ይገባል።

ሰሓባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ደግሞ ውዱእ ሊያደርጉ በቀረበላቸው ውኃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን ዘንበል አድርገው አጠጧት። የልጃቸው ሚስት ከብሻ በመገረም ስታያቸው፣ ድመት ነጃሳ አለመሆኗንና በመካከላችን ከሚዘዋወሩት መሆኗን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ነገሯት። ይህም በአቡ ዳውድ፣ በቲርሚዚና በሌሎችም ተዘግቧል።

ስለ መንገድም ትምህርት አለን። በሙስሊም ዘገባ መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለምለም በሆነ አገር ሲጓዙ ግመሎች ከሣሩ ድርሻቸውን እንዲያገኙ፣ ድርቅ ባለበት ግን ጉዞውን ማፋጠን እንደሚገባ አስተምረዋል። እንስሳው እንደ ዕቃ የሚጎተት ሳይሆን መንገዱን ከእኛ ጋር የሚቀምስ ተጓዥ ነው ማለት ነው። በደጋው ማሳረፍ፣ በበረሃው አለመዘግየት የሚለው መመሪያ ለግመል እንደሠራ ሁሉ ለድመትም ይሠራል።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ድሬዳዋ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአንዲት ተማሪያችን አባት ወደ ቤታችን መጡ። «መምህር፣ ሥራዬ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሯል። ልጄ ድመቷ ካልሄደች አልሄድም ብላ ምግብ ትታለች። ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ናት። ምን ይሻለናል?» አሉን። እኛም በዚያው ሰሞን ድሬዳዋ ጉዳይ ነበረን። የውሮ ነገር ከሆዳችን አልወጣም ነበርና አብረን ልንጓዝ ተስማማን። ለመነሻው ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

መጀመሪያ ክዳን ያለው ጠንካራ ቅርጫት ተገዛ፤ ድመቷ ቆማ የምትዞርበት፣ አየርም በሁሉም በኩል የሚያስገባ ነበር። ልጅቱ ቅርጫቱን ክፍት አድርጋ ከምድጃው አጠገብ አኖረችው፤ አሮጌ ሻርፗን አነጠፈችበት፤ የድመቷንም ምግብ በውስጡ ማቅረብ ጀመረች። በሳምንቱ ድመቷ ራሷ እየገባች ትተኛበት ነበር። ድመት ከሁሉ በላይ የምትተማመነው በሽታ ነው፤ የለመደችው ጨርቅ አብሯት ከሄደ ግማሹ ቤቷ አብሯት ሄደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ተወሰደች። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ ከእሷም ወደ ሰው ይተላለፋል። ድመት ሦስት ወር ከሞላት በኋላ ልትከተብ ትችላለች፤ ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝም ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋልና የሚጓዝ ሰው ከወር በፊት ቢያስከትብ መልካም ነው። እኛ በዚህ በኩል ዘግይተን ነበር። ማንም ሰው በድመት ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

በመነሻው ቀን ድመቷ ከጉዞው አራት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ጥቂት በላች፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ ተሰጣት። ሆዷ የሞላ ድመት በመኪና ታስመልሳለችና። አባትየው «ራስ ምታት እንዳይዛት ፓራሲታሞል ብንሰጣትስ?» ብለው ነበር። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ አጥብቀን እንናገር፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ግማሽ ፍሬም ቢሆን አይሰጥ። ለሰው የሚታዘዝ የመኪና ማስመለሻ መድኃኒትም የእንስሳት ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም።

የጠየቅነው የመጀመሪያ ሚኒባስ ሾፌር አልፈልግም አለ። አልተቀየምነውም፤ መኪናው የሱ ነው፤ ድመት የሚፈራ ወይም ፀጉሯ የሚያስነጥሰው መንገደኛም ይኖራል። ሁለተኛው ቅርጫቱን አይቶ «ካልተከፈተ ችግር የለም» አለ። ደብቆ ገብቶ መንገድ ላይ ከመጨቃጨቅ ቀድሞ ማስፈቀድ ይሻላል።

ሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ጅጋን ሳናልፍ ድመቷ መጮህ ጀመረች፤ ለሃጯም ይዝረበረብ ጀመር። ልጅቱ እያለቀሰች «ቲቸር፣ ትንሽ ልክፈትላት?» አለችን። አልፈቀድንም። በሚሄድ መኪና ውስጥ የተለቀቀች ድመት ከሾፌሩ እግር ሥር ከገባች የሁሉም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል፤ በሩ ሲከፈትም ወጥታ ከጠፋች መመለሻ የላትም። በክዳኑ ላይ ነጠላ ጣል አድርገን አጨለምንላት። ደምበጫ ስንደርስ ዝም አለች። መፍዘዟ እንዳይሆን ብለን ገልጠን አየናት፤ ተጠቅልላ ትተነፍሳለች።

ደጀን ላይ ውኃ ቀመሰች። ወደ በረሃው መውረድ ስንጀምር ነጠላውን አንስተን መስኮቱን ከፈትን፤ ቅርጫቱንም ፀሐይ ወደማይመታው ወንበር አዛወርነው። በጃፓን ዕርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስንቃረብ ድመቷ አፏን ከፈተች፤ ማለክለክ ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ደረታችን ደለቀ። የጎሐ ጽዮኑ ቀን ፊታችን ላይ መጣ። መሐረብ በውኃ ነክረን ጆሮዋንና መዳፎቿን በቅርጫቱ ክፍተት እያረጠብን ሄድን። በረዶ የመሰለ ውኃ ማፍሰስ ግን አይገባም፤ ያስደነግጣል። ሾፌሩም ነገሩ ገብቶት በቆላው ሳይቆም ዳገቱን ያዘው። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ አፏ ተገጥሞ ነበር። አልሐምዱ ሊላህ።

አዲስ አበባ ሁለት ቀን ከዘመድ ቤት አረፍን። ድመቷ አንድ ክፍል ብቻ ተሰጣት፤ አሸዋ የሞላ ሳፋም ተቀመጠላት። አሸዋውን ይቀይሩ የነበሩት አባትየው ናቸው። በድመት ዓይነ ምድር ለጽንስ የሚያሰጋ ተሐዋሲ ሊኖር ስለሚችል ነፍሰ ጡር እናት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተወው። የድመት ሽንት ነጃሳ ነውና ለሶላት የሚሆን ትርፍ ልብስ ለብቻ ታስሮ መያዙም አይረሳ።

በባቡር

የባቡሩ ነገር ለእኛ ለጎጃም ሰዎች አዲስ ነው። ድሬዳዋ ግን ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ የጥንቱ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚያ ደርሶ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በኤሌክትሪክ የሚሠራውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመርቆ በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ከፉሪ-ለቡ ጣቢያ ትኬት ስንቆርጥ አስቀድመን ጠየቅን፤ ቅርጫቱ ታየና ተሳፈርን። ደንብ ስለሚለዋወጥ ማንም መንገደኛ በትኬት መቁረጫው ቢጠይቅ ይበጃል። በሌሎች አገሮችም ነገሩ በሥርዓት የተያዘ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው አምትራክ ድመትን ከነሳጥኗ 9 ኪሎ ያህል እስካልበለጠች ድረስ እስከ 7 ሰዓት ለሚፈጅ ጉዞ ያሳፍራል፤ በብሪታንያ ባቡሮች አንድ ሰው እስከ ሁለት እንስሳ ያለ ክፍያ ይዞ መግባት ይችላል።

ባቡር እንደ ዓባይ ጠመዝማዛ አያንገላታም፤ ድመቷም አላስመለሰችም። የሚያሰጋው ጣቢያው ነው። ፊሽካው፣ ግፊያውና የብረቱ ጩኸት ድመትን ያስበረግጋል። ስለዚህ ክዳኑ በሲባጎ ድርብ ታስሮ ነበር፤ ልጅቱም በደረቷና በክንዶቿ ሥር የሚያልፍ የጨርቅ ማሰሪያ ሰፍታላት ነበር። አንገት ብቻ ማሰር ግን አይገባም፤ ስትፈራገጥ ያንቃታል። ከመተሐራና ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ እርጥብ መሐረባችን እንደገና ሥራ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ አልሸናችም፤ ይህ በጉዞ የተለመደ ነው። ከአንድ ቀን ካለፈ ግን ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

ከደረሱ በኋላ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደረስን ብሎ ቅርጫቱን ግቢ ውስጥ ይከፍታል፤ ድመቷ አጥር ዘልላ ትጠፋለች። ድመት የለመደችውን ቤት ፍለጋ ትሄዳለች። በ1922 እ.ኤ.አ. ሄሪክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ አንዲት ድመት ከቤቷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተወስዳ ስትለቀቅ ወደ ግልገሎቿ መመለሷን ደጋግሞ ፈትኖ ጽፏል። ከድሬዳዋ ፍኖተ ሰላም ግን መመለስ አይታሰብም፤ ፍለጋዋ የሚያልቀው በመኪና ሥር ወይም በውሻ አፍ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ አንድ ክፍል፣ ቀስ በቀስም ቤቱን ሙሉ እንድትለምድ ማድረግና ሁለት ሦስት ሳምንት ከደጅ አለማስወጣት ይገባል። ሲለቋትም ከምግቧ በፊት፣ በረሃብ ሰዓቷ ቢሆን ተመልሳ ትመጣለች።

ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ቤተሰቦች ነገሩ ይረዝማል። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ድመት ለመውሰድ ከቆዳ ሥር የምትቀበር መለያ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ የሚወሰድ የደም ምርመራና ከዚያም የ3 ወር ቆይታ ያስፈልጋል። ትኬት ከመቁረጥ በፊት ግማሽ ዓመት ቀድሞ ማሰብ ነው።

መውሰድ ካልተቻለስ?

ሁልጊዜ መውሰድ ይገባል አላልንም። ያረጀች፣ የታመመች ወይም ልትወልድ የቀረበች ድመት ባትንገላታ ይሻላታል። መንገዱም አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት የጎጃም መንገድ የተዘጋበትና መንገደኛ በየከተማው የታገደበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለ መንገዱ ሰላም ሳይጠይቁ ከልጆች ጋር መነሳት አይገባም፤ የሰው ነፍስ ትቀድማለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ድመቷን ለሚያውቃት ጎረቤት በስም አደራ መስጠት ነው። ጎረቤቱን በፊት ለፊት ማነጋገር፣ «እሺ» ማሰኘት፣ የምትበላበትን ሳህንና የምትተኛበትን ጨርቅ አብሮ መስጠት፣ ከተቻለም ለምግቧ የሚሆን ነገር መተው ይገባል። «ጎረቤት ያያታል» ብሎ ምንም ሳይናገሩ መሄድ አደራ አይባልም። ገበያ ላይ ወይም ጫካ አጠገብ ወስዶ መጣልማ ከዚያች ሴት ሥራ በምን ይለያል?

ከድሬዳዋ ጉዟችን ሦስት ወር ቆይቶ ከልጅቱ ደብዳቤ ደረሰን። ወንድም እንደተወለደላት፣ ሙቀቱን ገና እንዳልለመደችው፣ ድመቷ ግን ቀን ቀን የውኃ ጋን ሥር እየተኛች ሌሊት ሌሊት አይጥ እንደምታድን ጽፋልናለች። ከደብዳቤው ግርጌ አንድ መስመር ጨምራ ነበር፤ ወደ ሐረር የሚሄዱ ጎረቤቶች ድመታቸውን በካርቶን ሊወስዱ ሲሉ ቅርጫቱን እንዳዋሰቻቸውና ከምግብ በፊትና በኋላ ምን እንደሚያደርጉም እንዳስረዳቻቸው።

ደብዳቤውን ለአያታችን አነበብንላቸው። ያን ጊዜ እጅግ አርጅተው ነበር። ሰምተው ሲያበቁ ዝም ብለው ቆዩና «ውሮንም እንዲህ ብናደርጋት ኖሮ» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

አላህ (ሱ.ወ.) የአደራ ጠባቂዎች ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።